የኤሌክትሮን ጨረር፣ የተንግስተን ኢላማና የሙቀት ስሌት

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ገበያ የተገዛ አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ ኃይለኛ እሳት ላይ ቢጣድ እንደሚሰነጠቅ የምዕራብ ጎጃም እናቶች ጠንቅቀው ያውቃሉ። የጋለው ክፍል ለመስፋት ሲሞክር ያልጋለው ጎረቤቱ አጥብቆ ይይዘዋል፤ በመካከላቸውም ውጥረት ይፈጠራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይኸው ክስተት በቅንጣት አፋጣኝ መሣሪያዎች ውስጥ እንዴት እንደሚሰላ ነው።

ጉዳዩ ከአካባቢው ሕዝብ ኑሮ የራቀ አይደለም። ለብዙ ዓመታት በሀገራችን የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ በመሆኑ፣ የቡሬ ታማሚ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ነበረበት። ያን ጊዜ ያገለግሉ የነበሩት የኮባልት-60 መሣሪያዎች ናቸው። ኋላ በጥቁር አንበሳና በጅማ የተተከሉት ሊኒያር አክሰለሬተሮች ግን የሚሠሩት በሌላ መንገድ ነው፤ ኤሌክትሮኖችን አፍጥነው ከብረት ኢላማ ጋር በማጋጨት ኤክስሬይ ያመነጫሉ። ከጨረሩ ጉልበት ወደ ኤክስሬይነት የሚለወጠው ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ኢላማውንና ዙሪያውን ያሞቃል።

በቁጥር እንመልከተው። ኤሌክትሮኖቹ 6 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት፣ አማካይ ኮረንቲውም 100 ማይክሮ አምፔር ቢሆን፣ የጨረሩ ኃይል 600 ዋት ነው፤ ከአንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያነሰ! ኢላማው 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ተንግስተን፣ ጨረሩ የሚያርፍበት ክብ ስፍራም 2 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ይሁን። የዚህ ጠብታ መሰል ብረት ክብደት 60 ሚሊግራም ገደማ ሲሆን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 0.008 ጁል ይበቃል። ከ600 ዋት ግማሹ በውስጡ ቢቀር፣ ሙቀቱም የሚሸሽበት ቢያጣ፣ የሙቀት መጠኑ በሰከንድ 37,000 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ተንግስተን የሚቀልጠው በ3,422 ዲግሪ ሴልሲየስ ነው። እንግዲህ ለመቅለጥ የሚያስፈልገው ጊዜ 0.1 ሰከንድ ገደማ ነው ማለት ነው።

በተግባር ግን አይቀልጥም። ተንግስተኑ ከመዳብ ጋር ይጣበቃል፤ መዳቡ ሙቀቱን ይቀበላል፤ በመዳቡ ውስጥ የሚዘዋወር ውኃም ይዞት ይሄዳል። በደቂቃ 1 ሊትር ውኃ ብቻ ቢፈስ 600 ዋቱን ሁሉ ተሸክሞ የሚሞቀው በ9 ዲግሪ ያህል ነው። ፍሰቱ ሲቋረጥ መሣሪያው ጨረሩን ራሱ የሚያጠፋውም ስለዚህ ነው። (ለሳምንታት በየቀኑ ሕክምና ለሚከታተል ታማሚ እንዲህ ያለው መቋረጥ ቀላል ነገር አይደለም።)

ይሁን እንጂ አማካዩ ኃይል ብቻውን ያሳስታል። ጨረሩ የሚመጣው በተከታታይ ምት ነው፤ በሰከንድ 200 ምት፣ እያንዳንዱም 4 ማይክሮሴኮንድ ይቆያል እንበል። በአንድ ምት ኢላማው ውስጥ የሚቀረው 1.5 ጁል ስፍራውን በ185 ዲግሪ ያህል ያግለዋል። ሙቀት በተንግስተን ውስጥ የሚጓዘውን ርቀት ለመገመት 67 ካሬ ሚሊሜትር በሰከንድ የሆነውን የሙቀት ሥርጭት ቋሚ በጊዜው አባዝቶ ካሬ ሥሩን መውሰድ ይበቃል። ውጤቱ በምቱ ጊዜ 0.016 ሚሊሜትር፣ በሁለት ምቶች መካከል ባለው 5 ሚሊሰከንድ ደግሞ 0.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሞዴሉ ሁለት ሰዓት ይዞ መሥራት አለበት። በምቱ ጊዜ ሙቀቱ ካረፈበት አይነቃነቅም፤ የሙቀት ሽግግር ቀመር ትርጉም የሚያገኘው ከምቱ በኋላ ነው።

ምጣዱ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ቀዝቃዛው ዙሪያ መስፋትን ቢከለክል፣ በ185 ዲግሪ ልዩነት በተንግስተን ውስጥ የሚፈጠረው ውጥረት ከ300 ሜጋፓስካል ይበልጣል። አንዱ ምት ምንም ላያደርግ ይችላል። በደቂቃ 12,000 ጊዜ ሲደጋገም ግን ብረቱ ይዝላል፤ ስንጥቅም ይጀምራል። በእኔ አስተያየት ከመቅለጥ ይልቅ ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው ይህ ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ።

የጉዳዩን ጫፍ ለማየት ጄኔቫ አጠገብ ወደሚገኘው ሴርን መሻገር ያስፈልጋል። የታላቁ ሃድሮን ኮላይደር አንዱ ጨረር በንድፉ መሠረት 362 ሜጋጁል ይይዛል። ይህ 20 ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት ሲነድ ከሚሰጠው ጉልበት አይበልጥም፤ ነገር ግን የሚራገፈው በ89 ማይክሮሴኮንድ ነው። በዚያች ቅጽበት ኃይሉ 4 ሚሊዮን ሜጋዋት ይደርሳል፤ በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሙሉ አቅም 5,150 ሜጋዋት ነው። በዚህ ሁኔታ የሙቀት ስሌት ብቻውን አይበቃም። የመጀመሪያዎቹ ፕሮቶኖች ያጋሉት ብረት በግፊት ወደ ጎን ይሸሻል፤ እፍጋቱ ይቀንሳል፤ ተከታዮቹም በሳሳው መንገድ ጠልቀው ይገባሉ። ስለሆነም የቅንጣቶቹ ጉዞና የብረቱ ፍሰት እየተፈራረቁ ይሰላሉ። እንዲህ ያለው ስሌት ጨረሩ መዳብን 35 ሜትር ያህል ሊበሳ እንደሚችል አሳይቷል። በ2012 እ.ኤ.አ. በሴርን በመዳብ ሲሊንደሮች ላይ፣ በአነስተኛ ጉልበት የተደረገው ሙከራም ክስተቱ እውን መሆኑን አረጋግጧል። ጨረሩ በመጨረሻ የሚያርፍበት የግራፋይት ግንድ የሚተርፈው ጨረሩ በአንድ ነጥብ ላይ እንዳያርፍ ማግኔቶች በገጹ ላይ እያዞሩ ስለሚበትኑት ጭምር ነው።

ተማሪዎች ከላይ ያለውን የሆስፒታል ስሌት የጨረሩን ስፋት ከ2 ወደ 1 ሚሊሜትር ዝቅ አድርገው ይድገሙት። ኢላማው ለመቅለጥ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል? የአንዱ ምት ውጥረትስ ስንት ይሆናል?