የእንፋሎት ባቡር ጉዞ በሃርዝ ተራሮች

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። አባቴ በነሐሴ ከድሬዳዋ ሲመጡ በሃርዝ ተራሮች ሦስት ቀን በእንፋሎት ባቡር ላዞራቸው አስቤያለሁ። ጉዞውን እንዴት ላቅደው? በመሐል ለውጥ ቢመጣስ?

መልስ፦ ማደሪያዎን ቨርኒገሮደ ከተማ ላይ ብቻ ያድርጉ፤ ለውጥ ቢመጣም የሆቴል ጣጣ አይኖርም። ዋናውን ጉዞ፣ 1,141 ሜትር ከፍታ ወዳለው ብሮከን ተራራ መውጣቱን፣ ለመጀመሪያው ቀን ያድርጉት። ተራራው ጭጋግና ነፋስ ስለሚያዘወትረው፣ ቀኑ ቢበላሽ ሦስተኛውን ቀን መጠባበቂያ ያድርጉ። በሁለተኛው ቀን በመደበኛ ባቡር ክቬድሊንቡርግ ደርሰው ወደ ዜልከ ሸለቆ ይሳፈሩ።

ነሐሴ እዚያ በጋ ነው። ደኑ ሲደርቅ ከጭስ ማውጫው የሚወጣ ብልጭታ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል፣ በእንፋሎቱ ፋንታ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሊመደብ ይችላል። በዜልከ ሸለቆ ደግሞ በአዘቦቱም ብዙዎቹ ባቡሮች የናፍጣ ናቸው። ስለዚህ በጊዜ ሰሌዳው ላይ የእንፋሎቱን ምልክት ይፈልጉ፤ በዋዜማው ማታም የባቡር ድርጅቱን ማስታወቂያ ይመልከቱ። ትኬት ከመግዛትዎ በፊት ሎኮሞቲቭ ሲቀየር ገንዘብ ይመለስ እንደሆነ ይጠይቁ።

ለአባትዎ አንድ ነገር ይንገሯቸው፦ የሐዲዱ ስፋት ልክ እንደ ቀድሞው የጅቡቲ–አዲስ አበባ ምድር ባቡር 1 ሜትር ነው።