የማድ ቤት መደብ አሠራር፤ ውሃ፥ እሳትና ኤሌክትሪክ ተራርቀው ስለሚቀመጡበት ሁኔታ

የዚህ ትምህርት ዓላማ፤ አዲስ ማድ ቤት የሚሠራ ወይም አሮጌውን የሚያድስ ሰው፥ ግንቡ ከመነሣቱና ሽቦው ከመዘርጋቱ አስቀድሞ የመስኮቱን፥ የማጠቢያውን፥ የእሳቱንና የሶኬቱን ቦታ ለክቶ እንዲወስን ለማስረዳት ነው። መደብ የምንለው የመቀመጫውን ወይም የመኝታውን መደብ ሳይሆን፥ ቆመው የሚሠሩበትን፥ ከድንጋይ ወይም ከእንጨት የተሠራውን ከፍ ያለ የሥራ ገበታ ነው።

ነገሩ ለምን ያሳስባል?

በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ ማድ ቤት ሲሠራ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚታሰበው ግድግዳውና ጣራው ነው። የውሃውና የሥራው ቦታ ግን ቤቱ ካለቀ በኋላ በተገኘው ጥግ ይደለደላል። ከዚህም የተነሣ ሊጡ ከአመድ አጠገብ ይቀመጣል፤ ታጥቦ የተደፋውን ሳህን ዶሮ ይረግጠዋል፤ ድክ ድክ የሚል ሕፃን በጕልቻና በእንስራ መካከል ይመላለሳል።

መብራት በገባባቸው እንደ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ባሉ ከተሞች ደግሞ ሌላ አደጋ ተጨምሯል። ሶኬቱ ከውሃው አጠገብ ከተተከለ፥ የቤት እመቤቲቱ እጇ እንደ ራሰ የምጣዱን መሰኪያ መንካቷ አይቀርም። ይህ ቀልድ አይደለም። የራሰ እጅ ኤሌክትሪክን ወደ ሰውነት በቀላሉ ያሳልፋል፤ ሰውም ይገድላል።

ጢሱም እንዲሁ ነው። እንጨት በጠፋበት ደጋ የሚነደው ኩበት ጢሱ ብዙ ነው፤ ዐይን ያቃጥላል፥ ሳንባ ይጎዳል፥ ሕፃናትን ለሳንባ ምች ያጋልጣል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደገመተው በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከቤት ውስጥ በሚነሣ ጢስና ብክለት ሞተዋል።

የመደቡ ልክ

1ኛ. ከፍታው። የምትሠራው ሴት ቀጥ ብላ ቆማ ክርኗን ትጠፍ። መደቡ ከክርኗ በታች ግማሽ ስንዝር፥ ማለት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ከዚህ ቢያንስ ወገብ ይታመማል፤ ቢበልጥ ትከሻ ይደክማል። ሊጥ የሚቦካበት ቡሃቃ ግን ራሱ ከፍታ ስላለው፥ ለርሱ ዝቅ ያለ ቦታ ይለይለት። ግንበኛው የራሱን ክርን ሳይሆን የርሷን ይለካ፤ የምትሠራበት እርሷ ናትና።

2ኛ. ርዝመቱ። ሥራው ከቆሻሻ ወደ ንጹሕ እንዲሄድ፥ መደቡን ከግራ ወደ ቀኝ እንዲህ ይከፍሏል፦ ላልታጠበ ዕቃ አንድ ክንድ፤ ለማጠቢያው ገንዳ አንድ ክንድ፤ ታጥቦ ለሚንጠፈጠፍ ዕቃ አንድ ክንድ፤ ሽንኩርት ለሚከተፍበትና ወጥ ለሚሰናዳበት ሁለት ክንድ። ይህ በጠቅላላው 5 ክንድ፥ ማለት 2 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ከዚያ ቀጥሎ ምድጃው ይመጣል። ከምድጃው ፊት ለፊት አንድ ሜትር ባዶ ቦታ ይተው፤ ትኩስ ድስት የያዘ ሰው ሳይጋፋ ይዙር።

የቧንቧ ውሃ ያልገባበት ቤትም ይህንኑ ማድረግ ይችላል። በገንዳው ፈንታ መክፈቻ ያለው ባልዲ ከላይ፥ ሳፋ ከሥር ይቀመጥ። የጭቃ መደብ ውሃ ስለሚመጥ የማጠቢያው ክፍል በጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም በሲሚንቶ ይለበጥ። እጣቢው ደጃፍ ላይ አይደፋ፤ ድንጋይ ወደ ተሞላ ጕድጓድ ይውረድ። ይህም ጕድጓድ ከምንጭና ከመጠጥ ውሃ ጕድጓድ 30 ሜትር ይራቅ።

መስኮቱ

መስኮቱ ከማጠቢያውና ከማንጠፍጠፊያው በላይ ይሁን። እዚያ ብርሃን እድፉን ያሳያል፤ ፀሐይና ነፋስ ዕቃውን ያደርቃሉ። ከምድጃው በላይ ግን መስኮት አይከፈት፤ ነፋስ ነበልባሉን ወደ ልብስ ይመልሰዋል። የመስኮቱ ደፍ ከመደቡ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፤ መዝጊያውም ወደ ውጭ ይከፈት፤ ወደ ውስጥ ከተከፈተ ዕቃውን ጠርጎ ይጥለዋል።

አንዳንድ ሰው፦ «እንዴ! በመንዝ ብርድ ማን መስኮት ከፍቶ ይቀመጣል?» ይል ይሆናል። እውነቱን ነው፤ ብርዱ ይከብዳል። ነገር ግን የድንጋዩ ግንብ ወፍራም ስለሆነ መስኮቱን ከውጭ ጠበብ፥ ከውስጥ ሰፋ አድርጎ መሥራት ይቻላል፤ ብርሃን በሰፊው ይገባል፥ ነፋሱ ይቀንሳል። ብርቱው ነፋስ በየት በኩል እንደሚመጣ ባለቤቱ ያውቃልና መስኮቱን በሌላው ወገን ያውጣ። ለጢሱም ከምድጃው በላይ ከጣራው ያለፈ ማስወጫ ይሠራለት። ወደ ጀማና ወደ ወንጪት ሸለቆ በሚወርደው በመርሐ ቤቴ ቆላ ግን ሙቀትና ዝንብ ስላለ፥ መስኮቱ ይስፋና ወንፊት ሽቦ ይደረግበት።

ሶኬቱ

በሌላው ሁሉ ክንድ ይበቃል፤ ለኤሌክትሪክ ግን በሜትር ይለካ። ሶኬት ከማጠቢያው ጠርዝ ከአንድ ሜትር ባላነሰ ይራቅ፤ ከመደቡም አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። ከላይ ባለው አከፋፈል ይህ ቦታ በማሰናጃው መካከል ይውላል፤ ከውሃውም ከእሳቱም የራቀ ነው። ከምድጃ በላይና ዝናብ ከሚያስገባ መስኮት ሥር ሶኬት አይተከል።

የእንጀራ ምጣድ ብዙ ኀይል ይስባል። 3500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ከቆጣሪው የራሱ ወፍራም ሽቦ፥ የራሱ ማቋረጫና የመሬት ሽቦ ያስፈልገዋል። ሶኬቱ ከምጣዱ ጎን፥ ከውሃው በተቃራኒ ወገን ይሁን። ከጎረቤት ቀጭን ሽቦ በመስኮት አሾልኮ ምጣድ ማጣድ ቤት ማቃጠል ነው። ይህንንም ሥራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው።

ከመገንባት በፊት የሚደረግ ፈተና

በባዶው መሬት ላይ ልኩን በገመድና በከሰል ምልክት ያድርጉ። ከዚያ የቤት እመቤቲቱ ውሃ እንደምትቀዳ፥ እንደምታጥብ፥ ድስት እንደምታወርድ ሆና ትመላለስበት። እግሯ የሚጋፋበት፥ እጇ ከውሃ ወደ ሶኬት የሚደርስበት ቦታ ካለ ያን ጊዜ ይታረም። ከሰል በእግር ይጠፋል፤ የተገነባ ድንጋይ ግን አይጠፋም።

የመከለሻ ጥያቄዎች

1. በቤትዎ ሶኬቱ ከውሃው ስንት ሜትር ይርቃል?
2. የታጠበ ዕቃ የሚደርቀው የት ነው? ፀሐይ ያገኘዋልን?
3. መስኮት ከምድጃ በላይ የማይከፈተው ለምንድን ነው?
4. የመደቡ ከፍታ በማን ክርን ይለካል? ለምን?