የማጣሪያው ነዋሪዎች፦ ለቤት አኳሪየም የካኒስተር ማጣሪያ አመራረጥና አያያዝ

ዓሦች የሚዋኙበትን የመስታወት ገንዳ ስንመለከት ዓይናችን የሚያርፈው በዓሦቹ፣ በዕፅዋቱና በውኃው ጥራት ላይ ነው። ከገንዳው ሥር ባለው ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጦ በዝግታ የሚያጉረመርመውን ጣሳ ልብ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የዓሦቹ ሕይወት የተመሠረተው በዚያ ጣሳ ላይ፣ ይበልጥ በትክክል ለመናገር ደግሞ በጣሳው ውስጥ ቤታቸውን በሠሩ፣ በዓይን በማይታዩ ሕያዋን ላይ ነው።

ካኒስተር ማጣሪያ የሚባለው ከገንዳው ውጭ የሚቀመጥ፣ ክዳኑ በጎማ ቀለበት የሚታሸግ ዝግ ዕቃ ነው። በአንድ ቱቦ ከገንዳው የሚወርደው ውኃ በዕቃው ውስጥ በተደረደሩት ስፖንጆችና የሸክላ ቀለበቶች መካከል ካለፈ በኋላ፣ ክዳኑ ላይ በተገጠመ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ተገፍቶ በሌላ ቱቦ ወደ ገንዳው ይመለሳል። ይህ ዓይነቱ ማጣሪያ በገንዳው ውስጥ ቦታ አይይዝም፤ ድምፁም ዝቅተኛ ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን ገንዳው ውስጥ ከሚነከሩት ትንንሽ ማጣሪያዎች እጅግ የበለጠ የማጣሪያ ዕቃ የመያዝ አቅም አለው። ዋጋው ውድ በመሆኑም የሚገዛው ሰው ምን እንደሚገዛ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

ብዙ ሰው ማጣሪያን እንደ ሻይ ማጥለያ ይቆጥረዋል፤ ቆሻሻውን ይይዛል፣ ውኃውን ያሳልፋል፣ ሲሞላ ታጥቦ ይመለሳል። ይህ አስተሳሰብ በከፊል እውነት ነው፤ ነገር ግን ዋናውን ሥራ ሳይጠቅስ ያልፋል። ገንዳውን ከልቡ የሚንከባከብ ሰው ማጣሪያውን ፈታቶ፣ ስፖንጁንም ቀለበቱንም በቧንቧ ውኃ እስኪያንጸባርቅ ካጠበ ከጥቂት ቀናት በኋላ ዓሦቹ ወደ ውኃው ወለል ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና አንድ በአንድ ሲሞቱ ይመለከታል። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ኬሚስትሪውና ወደ ባዮሎጂው ጎራ ማለት ያስፈልጋል።

አሞኒያን ማን ያስወግደዋል?

ዓሣ የሚመገበው ፕሮቲን ናይትሮጅን አለው። ዓሦች ከሰውነታቸው ፍላጎት የተረፈውን ናይትሮጅን የሚያስወግዱት በአብዛኛው በአሞኒያ መልክ፣ በመተንፈሻ ስንጥባቸው በኩል ነው። በጣና ሐይቅ ለሚኖር ቆሮሶ ይህ ችግር አይደለም፤ አሞኒያው በሰፊው ውኃ ይበረዛል። በ200 ሊትር ገንዳ ውስጥ የሚኖር ዓሣ ግን የራሱን መርዝ መልሶ ይተነፍሳል።

አሞኒያ በውኃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፦ ቻርጅ የሌለው አሞኒያና ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው አሞኒየም። እጅግ መርዘኛው የመጀመሪያው ነው። የሁለቱ ድርሻ የሚወሰነው በይበልጥ በውኃው ፒኤች ሲሆን፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፒኤች 7 በሆነ ውኃ ውስጥ መርዘኛው ከጠቅላላው 0.6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ፒኤቹ 8 ሲሆን ግን ድርሻው ከ5 በመቶ በላይ ይደርሳል። ስለሆነም ሁለት ጓደኛሞች በገንዳዎቻቸው እኩል የአሞኒያ መጠን ለክተው የአንደኛው ዓሦች ደኅና ሲሆኑ የሌላው ቢታመሙ ሊደነቁ አይገባም።

ይህን መርዝ በሁለት ደረጃ የሚለውጡት ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው። በመጀመሪያ አሞኒያ ወደ ናይትራይት ይለወጣል፤ ናይትራይትም ለዓሣ መርዝ ነው። ቀጥሎ ናይትራይቱ ጉዳቱ እጅግ አነስተኛ ወደ ሆነው ናይትሬት ይለወጣል። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ እነዚህን ባክቴሪያዎች ለይቶ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን የመማሪያ መጻሕፍት ሁለት ስሞችን ብቻ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ናይትሮሶሞናስና ናይትሮባክተር። የአኳሪየም ማጣሪያዎች በዘር ቅንጣት ምርመራ ሲፈተሹ ግን የተገኘው ሌላ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1998 ቲሞቲ ሆቫኔክና ባልደረቦቹ በጣፋጭ ውኃ አኳሪየሞች ናይትራይትን የሚለውጠው ናይትሮባክተር ሳይሆን ናይትሮስፒራ መሆኑን አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በብዙ የጣፋጭ ውኃ ማጣሪያዎች ውስጥ አሞኒያውን ከሚለውጡት መካከል በቁጥር የሚያይሉት ከነጭራሹ ባክቴሪያ ሳይሆኑ አርኪያ የሚባለው ወገን አባላት መሆናቸውን ዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለቱንም ደረጃዎች ብቻውን የሚያከናውን የናይትሮስፒራ ዓይነት መኖሩ ተረጋገጠ፤ ከሁለቱ ግኝቶች የአንዱ ናሙና የተወሰደውም ከዓሣ ማርቢያ ማጣሪያ ነበር። ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ተፈጽሟል የተባለ ትምህርት በመኖሪያ ቤት ቁምሳጥን ውስጥ በሚገኝ ዕቃ አማካይነት መታረሙ ለተማሪዎች የሚያበረታታ ይመስለናል።

ስማቸው ይለያይ እንጂ ሦስት ጠባዮች ያመሳስሏቸዋል። በጠጣር ነገር ገጽ ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ፤ በጣም በዝግታ ይራባሉ፤ ኦክሲጅን ይፈልጋሉ። ማጣሪያ ሲመረጥም ሆነ ሲጸዳ መመሪያ መሆን ያለባቸው እነዚህ ሦስቱ ናቸው። በዝግታ የመራባታቸው ነገር በተለይ ሊሰመርበት ይገባል። ምቹ ሁኔታ ያገኘ ኢ. ኮላይ በ20 ደቂቃ ራሱን ሲያባዛ፣ እነዚህ ግን የብዙ ሰዓታት አንዳንዴም ከቀን በላይ ጊዜ ይወስድባቸዋል። አዲስ ማጣሪያ በወጉ ሥራ እስኪጀምር ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚፈጀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የደጋው አየርና ኦክሲጅን

1 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን እስከ ናይትሬት ለመለወጥ 4.6 ግራም ያህል ኦክሲጅን ያስፈልጋል። ይህ ኦክሲጅን የሚገኘው ደግሞ በውኃ ውስጥ ከሟሟው ነው። በባሕር ጠለል ላይ በ25 ዲግሪ አንድ ሊትር ውኃ ሊይዝ የሚችለው 8.3 ሚሊግራም ገደማ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያው ሙቀት አንድ ሊትር ውኃ የሚይዘው ወደ 6 ሚሊግራም ዝቅ ይላል። ከውጭ አገር የሚመጡት የአጠቃቀም መመሪያዎች ይህን አይጠቅሱም። በደጋ ከተሞቻችን የሚኖር ሰው የመመለሻውን ቱቦ አፍ ከውኃው ወለል በታች ከመቅበር ይልቅ ወለሉን በሚያናውጥ አኳኋን ቢያደርገው፣ ዓሦቹም በማጣሪያው ውስጥ ያሉትም ይጠቀማሉ።

ስንገዛ ምን እንይ?

በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ፓምፑ በሰዓት የሚገፋው የውኃ መጠን ነው። ይህ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚለካው ጣሳው ባዶ ሆኖ ስለሆነ ስፖንጅ ሲገባበትና ቆሻሻ ሲጠራቀም በእጅጉ ይቀንሳል። በተለምዶ ማጣሪያው በሰዓት የገንዳውን ውኃ ከ3 እስከ 5 ጊዜ እንዲያዞር ይፈለጋል፤ ይኸውም ለ200 ሊትር ገንዳ ከ600 እስከ 1,000 ሊትር መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ የፊዚክስ ስሕተት አለ። ፓምፑ ውኃውን ከወለል አንሥቶ አንድ ሜትር ተኩል ሽቅብ የሚሸከም የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ቱቦዎቹና ጣሳው በውኃ ከተሞሉ በኋላ ግን በአንዱ ቱቦ የሚወርደው የውኃ ዓምድ በሌላው ከሚወጣው ጋር ይመዛዘናል። ፓምፑ የሚታገለው ከቱቦው፣ ከመታጠፊያዎቹና ከስፖንጁ ፍትጊያ ጋር፣ እንዲሁም የመመለሻው አፍ ከውኃው ወለል በላይ ከሆነ በዚያች ትንሽ ከፍታ ብቻ ነው። አላስፈላጊ ርዝመት ያለውን ቱቦ ማሳጠር የሚጠቅመው ለዚህ ነው። እውነተኛውን ፍሰት ለመለካት ባለ 10 ሊትር ባልዲና ሰዓት ይበቃል፤ ባልዲው በ60 ሴኮንድ ቢሞላ ፍሰቱ በሰዓት 600 ሊትር ነው። ነገር ግን ቱቦው ውኃውን የሚለቅበት አፍ በገንዳው ውኃ ወለል ከፍታ ልክ መያዝ አለበት። ባልዲውን መሬት አስቀምጦ ቱቦውን ወደታች ማውረድ የስበትን እርዳታ ስለሚጨምር ሐሰተኛ ውጤት ይሰጣል።

ዋጋቸው ተቀራራቢ ከሆኑ ሁለት ማጣሪያዎች መካከል ፓምፑ ከሚበረታው ይልቅ ጣሳው የሚሰፋውን መምረጥ የተሻለ ነው እንላለን፤ ባክቴሪያ የሚኖረው በገጽ ላይ ነውና። ቀጥሎ የሚታየው የጎማ ቀለበቱና ባለ ማግኔቱ የፓምፕ መዘውር ለብቻቸው በመለዋወጫነት መገኘት አለመገኘታቸው ነው። የአምስት ብር ዕቃ በሺህ የሚቆጠር ብር የወጣበትን ማጣሪያ ከንቱ ሊያደርገው ይችላል የሚለው አነጋገር ግነት አይደለም። በሁለቱም ቱቦዎች ላይ መዝጊያ ያለው መሆኑም ይታይ፤ ያለዚያ እያንዳንዱ ጽዳት የወለል ጎርፍ ያስከትላል። የመብራት ወጪውን በተመለከተ 20 ዋት የሚወስድ ፓምፕ ቀንና ሌሊት ሲሠራ በዓመት 175 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል።

የውስጥ አደራደሩ ቀላል ነው። ውኃው መጀመሪያ የሚያገኘው ሻካራው ስፖንጅ ሆኖ ትልልቁን ቆሻሻ ያስቀራል፤ ቀጥሎ ደቃቁ ስፖንጅ፣ ከዚያም የሸክላ ቀለበቶቹ ይመጣሉ፤ ጥጥ መሰሉ ነጭ ማጣሪያ የመጨረሻው ነው። ይህ ቅደም ተከተል ቢገለበጥ ጥጡ በቀናት ውስጥ ይደፈናል። የነቃ ከሰል ከሕክምና በኋላ መድኃኒት ከውኃው ለማስወገድ ካልሆነ በቀር የግድ አስፈላጊ አይደለም።

አጸዳድ

ማጣሪያውን ለማጽዳት ትክክለኛው ጊዜ ፍሰቱ በግልጽ ሲቀንስ ነው፤ ለብዙ ገንዳዎች ይህ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይደርሳል። በቅድሚያ ሶኬቱ ይነቀላል፤ እጅ ውኃ ውስጥ የሚገባው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። የፓምፑ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደታች ተንጠልጥሎ እንዲታጠፍ ማድረግም በገመዱ ላይ የሚፈስ ውኃ ሶኬቱ ውስጥ እንዳይገባ ይከላከላል።

የገንዳው ውኃ በከፊል በሚቀየርበት ቀን ከገንዳው የተቀዳው ውኃ በባልዲ ይቀመጥና ስፖንጁ በዚያ ውስጥ ይጨመቃል። ቀለበቶቹ በዚያው ውኃ ለቅለቅ ቢደረጉ በቂ ነው፤ ቡናማ መሆናቸው ጤናማ ምልክት ነው። የቧንቧ ውኃ ጀርም እንዲገድል ክሎሪን የተጨመረበት በመሆኑ የምንፈልጋቸውንም ይገድላል። ወደ ገንዳው የሚጨመረው አዲስ ውኃም በሶድየም ታዮሰልፌት ክሎሪኑ ሊወገድለት ወይም አየር እየተነፋበት ለአንድ ቀን ሊቆይ ይገባል። ስፖንጁና ቀለበቶቹ በአንድ ቀን ሁለቱም ባይነኩ ይመረጣል። የፓምፑ መዘውር ግን ወጥቶ ያለ ርኅራኄ በብሩሽ ይታጠብ፤ በላዩ የሚጋገረው አተላ ፍሰትን ይቀንሳል፣ ድምፅንም ያመጣል። የጎማ ቀለበቱ በሲሊኮን ቅባት ይታሽ እንጂ ቫዝሊን አይቀባ፤ የነዳጅ ዘይት ውጤት አንዳንዱን ጎማ ያሳብጣልና።

መብራት ሲጠፋ

የካኒስተር ማጣሪያ ትልቁ ድካሙ ዝግ መሆኑ ነው። እስቲ በስሌት እንየው። ዓሦቹ በቀን 2 ግራም ምግብ ቢሰጣቸውና የምግቡ 40 በመቶ ፕሮቲን ቢሆን፣ ፕሮቲን 16 በመቶ ናይትሮጅን ስለሆነ በቀን 0.13 ግራም ያህል ናይትሮጅን ገንዳው ውስጥ ይገባል። ከዚህ 0.09 ግራም የሚሆነው አሞኒያ ይሆናል ብንል፣ ባክቴሪያዎቹ በቀን 0.41 ግራም፣ በሰዓት 17 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይፈጃሉ ማለት ነው። በጣሳው ውስጥ ያለው ውኃ 4 ሊትር ቢሆን በአዲስ አበባ ከፍታ የሚይዘው ኦክሲጅን ቢበዛ 24 ሚሊግራም ነው። ፓምፑ ቆሞ ፍጆታው በዚያው ቢቀጥል ከአንድ ሰዓት ተኩል አያልፍም። እርግጥ አዲስ አሞኒያ መምጣቱን ሲያቆም የእነርሱ ፍጆታ ይቀንሳል፤ በምትኩ ግን ስፖንጁ ላይ ያለውን ቆሻሻ የሚያበሰብሱት ሌሎች ባክቴሪያዎች የቀረውን ይሻሙበታል። ስለዚህ ስሌቱ ግምት ቢሆንም የሰዓት እንጂ የቀን ጉዳይ አለመሆኑን ያሳያል።

ኦክሲጅኑ ካለቀ በኋላ ጣሳው ውስጥ መበስበስ ይቀጥላል፤ አሞኒያ ይጠራቀማል፤ መቋረጡ ከረዘመ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድም ሊፈጠር ይችላል። መብራቱ ሌሊት ተመልሶ ፓምፑ በራሱ ሲነሣ ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ገንዳው ይረጫል። ጠዋት የሞቱ ዓሦችን ያገኘ ሰው ጥፋቱን በጨለማው ላይ ያሳብባል፤ የጎዳቸው ግን የመብራቱ መመለስ ሊሆን ይችላል።

ስለሆነም መቋረጡ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቆይ ከታወቀ ሶኬቱን መንቀል፣ የቱቦዎቹን መዝጊያ መዝጋት፣ ጣሳውን ከፍቶ ውኃውን መድፋት ይበጃል። ስፖንጁና ቀለበቶቹ ሰፋ ባለ ሳፋ ላይ ተዘርግተው፣ እንዳይደርቁ በየጊዜው ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ይርጠቡ፤ እርጥብ ሆነው አየር እስካገኙ ድረስ ረጅም ሰዓት ይቆያሉ። ለዓሦቹ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ቢኖር መልካም ነው፤ ከሌለ በኩባያ ውኃውን ከፍ አድርጎ እየቀዱ መልሶ ማፍሰስም ኦክሲጅን ያስገባል። በዚያ ቀን ምግብ አይሰጣቸው። ባለቤቱ በሌለበት መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ ደግሞ ከውኃው ሲሶ ያህሉ ወዲያውኑ በታከመ ውኃ ይቀየር፤ በቀጣዩ ሳምንት አሞኒያና ናይትራይት በየቀኑ ይለኩ፤ ሁለቱም ወደ ዜሮ እስኪመለሱ ድረስ ምግቡ በግማሽ ይቀነስ።