ከደጋ ወደ ቆላ የወረደች መኪና፤ ኮምፕረሰር ስለ መለወጥ የቀረበ ትምህርት



የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች በመኪና ማቀዝቀዣ ነገር ምን ቤት ናቸው? የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። ምክንያታችን ቀላል ነው። ከመካከላችን የአንዱ አባት በሸዋ ሮቢት የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ረጅም ዘመን የኖረች ፔዦ 504 ገዝተው ወደ ቆላ አወረዷት። ባለቤታቸው የደም ብዛት ስላለባቸውና ሙቀት ስለማይችሉ፣ ለሕክምና ሲመላለሱ ማቀዝቀዣው እንዲሠራላቸው ፈለጉ። ኮምፕረሰሩ በመጀመሪያው በጋ ነከሰ። አንድ ጋራዥ በአዲስ ለወጠላቸው፤ አዲሱም ሁለት ወር ሳይሞላው እንደ ፊተኛው ነከሰ። ይህ ሁሉ ከጡረታ ገንዘብ የወጣ ነው። ለሦስተኛው ከመክፈላቸው በፊት፣ በዕረፍት ጊዜያችን ከአንድ አዛውንት መካኒክ አጠገብ ተቀምጠን የተማርነውን እነሆ እናቀርባለን።

1ኛ፤ አሠራሩ

እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘው ላዩ ላይ ያለው እርጥበት ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። የመኪና ማቀዝቀዣም በዚሁ ሕግ ይሠራል። ልዩነቱ የሚተነው ነገር ተመልሶ መሰብሰቡ ነው። በሞተሩ ቺንጋ የሚዞረው ኮምፕረሰር ጋዙን ይጨምቃል፤ የተጨመቀው ጋዝ ይግላል። ከራዲያተሩ ፊት ባለው ኮንደንሰር ውስጥ ሙቀቱን ለውጭ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹም በማድረቂያው ፊልትሮ ካለፈ በኋላ በጠባብ ቫልቭ ሾልኮ በመኪናው ውስጥ ባለው ኢቫፖሬተር ይተናል፤ ሲተንም የተሳፋሪውን ሙቀት ይወስዳል። ኮምፕረሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ የሚዞር መሆኑን ልብ በሉ። የትምህርቱ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

2ኛ፤ ለምን ነከሰ?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነች፣ እዚያ የሚነዳ ሰው ማቀዝቀዣ ለዓመታት ሳይከፍት ይኖራል። ሥራ የፈታ ኮምፕረሰር በዘንጉ ዙሪያ ያለው ማኅተም ዘይት አጥቶ ይደርቃል፤ ጋዙም በጥቂት በጥቂቱ ይተናል። እንዲህ ያለችው መኪና ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ካለው ከጣርማበር ዋሻ ተነሥታ፣ 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 1,300 ሜትር ገደማ ወደ ሆነው ሸዋ ሮቢት ስትወርድ፣ ባለቤቷ በይፋት ሙቀት ማቀዝቀዣውን ይከፍታል። ጋዙ አንሷልና ዘይቱ አይመለስም፤ ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ ኮምፕረሰሩም ይነክሳል።

ሁለተኛውስ? የመጀመሪያው ሲነክስ የፋቀው የብረት ብናኝ በቱቦው ውስጥ ቀርቶ ነበር። ፊልትሮው አልተለወጠም። የድሮው ዘይትም አልወጣም። ስለዚህ አዲሱ ኮምፕረሰር የተገጠመው የሟቹን ብናኝ ሊውጥ ነበር።

3ኛ፤ አለዋወጡ

ሀ. ጋዙን መሣሪያ ባለው ሰው ማስወጣት ይገባል። ቱቦውን በድንገት መፍታት ዓይንና ቆዳን በውርጭ ያቃጥላል፤ ጋዙ እሳት ቢያገኝ ደግሞ መርዛም ጭስ ይሆናል።

ለ. ቱቦዎቹንና ኮንደንሰሩን ለዚሁ በተዘጋጀ ማጠቢያ አጥቦ ማድረቅ። የአሮጌ መኪና ኮንደንሰር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ረጅም ጠምዛዛ ቱቦ ስለሆነ መታጠብ ይችላል፤ ብዙ ቀጫጭን መንገድ ያለውን የዘመኑን ግን መለወጥ ይሻላል።

ሐ. ፊልትሮውንና የጎማ ቀለበቶቹን ሁሉ በአዲስ መለወጥ። የድሮው ጋዝ አር 12፣ እሱን የተካው አር 134ኤ ነው፤ የድሮው ማዕድናዊ ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር አይዋሐድም። ስለዚህ ለአዲሱ ጋዝ የሚስማማ ዘይት በልኩ ይጨመራል።

መ. ኮምፕረሰሩ ከተገጠመ በኋላ ቺንጋው ቀጥ ብሎ መስመሩን መያዙን ማየት፤ ሞተር ከመነሣቱ በፊትም የፊት ሳህኑን በእጅ አሥር ጊዜ ያህል ማዞር። በውስጡ የተኛ ዘይት ካለ በኃይል ሲጀመር ቫልቮቹን ይሰብራልና።

ሠ. በፓምፕ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አየሩንና እርጥበቱን መምጠጥ። ከዚያ ዘግቶ መርፌው ወደ ኋላ እንዳይመለስ መጠበቅ፤ ከተመለሰ ጋዝ የሚያፈስ ቦታ አለ። በመጨረሻ አዲሱ ጋዝ ከድሮው ክብደት ከ80 እስከ 90 በመቶ ያህል ይሞላል።

4ኛ፤ የመርፌው ነገር

የውጭ አገር መጻሕፍት መርፌው 29 ኢንች ካልደረሰ ፓምፑ ደካማ ነው ይላሉ። ይህ ለባሕር ዳርቻ ሰው የተጻፈ ነው። የአየር ግፊት ከፍ ባለ አገር ስለሚያንስ፣ የፓምፑ ጉድለት ሳይኖር መርፌው አዲስ አበባ ላይ ከ22 ኢንች ተኩል ገደማ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ከ25 ኢንች ተኩል ገደማ አያልፍም። ይህን ያላወቀ መካኒክ ደኅና ፓምፕ ይጥላል፤ ወይም የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል።

5ኛ፤ የሰማዩ ነገር

አር 12 የፀሐይን ጎጂ ጨረር የሚከላከልልንን የኦዞን ንጣፍ ይበላል። ሞሊናና ሮውላንድ የተባሉ ሊቃውንት ይህን እ.ኤ.አ. በ1974 አስታወቁ፤ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም በ1994 ገባችበት። በአሮጌ መኪና ውስጥ የቀረውን ጋዝ ወደ ሰማይ መልቀቅ የጎረቤትን ጣራ መብሳት ነው።

የመምህሩ ሦስተኛ ኮምፕረሰር በዚህ ሥርዓት ተገጥሞ አንድ በጋ ሙሉ ሠርቷል፤ ባለቤታቸውም ያለ ጭንቅ ተመላልሰዋል። በእነዚያ ሁለት ወራት የጠፋው ገንዘብ ግን አልተመለሰም። ጥፋቱ የእጅ ጥበብ ማነስ አልነበረም፤ የፊተኛው ለምን እንደ ሞተ ሳይጠየቅ ሁለተኛው መገዛቱ ነው።

ስለዚህ በደጋ የቆመ አሮጌ መኪና ያላችሁ ወገኖች ሁሉ፣ ብርድ ቢሆንም በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዣውን ክፈቱት። ዘይቱ ይዞራል፤ ማኅተሙም አይደርቅም።