ቁጥሩ ያነሰ ሁሉ ዋጋ ይይዛል?
ሦስት የስፖርት መኪኖች ለባለሀብት የሚያስተምሩት

ገበያ ላይ ያነሰ ዕቃ እንደሚወደድ ለነጋዴ ማስተማር አያስፈልግም። ከዚህ በመነሣት በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን የሚገኙ በርካታ ባለገንዘቦች፣ በተወሰነ ቁጥር ብቻ የሚመረቱ የስፖርት መኪኖችን እንደ ወርቅና እንደ ቤት የገንዘብ ማስቀመጫ አድርገው ይገዛሉ። ይሁን እንጂ የቁጥር ማነስ ብቻውን ዋጋን ይጠብቃል ወይ? በአንድ ዘመን አካባቢ ገበያ ላይ የዋሉት ፌራሪ ኤፍ 40፣ ጃጓር ኤክስጄ 220 እና ማክላረን ኤፍ 1 መልሱን በሂሳብ ያሳያሉ። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ገበያው የደራበት ጊዜ

ፌራሪ ኤፍ 40ን ይፋ ያደረገው በ1987 ነው። በቀጣዩ ዓመት የኩባንያው መሥራች ኤንዞ ፌራሪ ሲሞት በስሙ የሚጠሩት መኪኖች ዋጋ ሽቅብ ወጣ። የጃፓን የአክሲዮንና የመሬት ገበያም በዚያው ጊዜ ጣራ ነክቶ ስለነበር ትርፍ ገንዘብ ሞልቷል። መኪናውን ለመንዳት ሳይሆን ወረፋውን አትርፎ ለመሸጥ የሚሰለፈው በዛ፤ በእኛ ቋንቋ የአየር በአየር ንግድ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ትምህርት ይገኛል። ኩባንያው ሲነሣ ያሰበው 400 ያህል መኪኖች ለመሥራት ነበር። ፈላጊው ሲበዛ ግን ምርቱ ቀጥሎ በ1992 ሲቆም ቁጥሩ ከ1,300 በላይ ሆነ። በውል ያልታሰረ ቁጥር ሻጩ በፈለገ ጊዜ የሚያሳድገው ቁጥር ነው።

በቀብድ የተያዙት

ጃጓር ኤክስጄ 220ን በ1988 በበርሚንግሃም የመኪና ትርኢት ሲያሳይ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተርና በአራቱም ጎማ የሚነዳ ነበር። ዋጋው ግብርን ሳይጨምር 290,000 ፓውንድ፣ ቀብዱ 50,000 ፓውንድ፣ ብዛቱም ከ350 እንደማይበልጥ ተነገረ። ከሺህ በላይ ሰዎች ቀብድ ለማስያዝ ተሻሙ።

ይሁንና መኪናው በ1992 ለርክክብ ሲደርስ ሞተሩ ወደ 6 ሲሊንደር ወርዷል፤ የሚነዱትም የኋላ ጎማዎቹ ብቻ ሆኑ። ውሉ ዋጋው ከኑሮ ውድነት ጋር እንዲያድግ ይፈቅድ ስለነበር ሂሳቡ ግብርን ጨምሮ ከ400,000 ፓውንድ አለፈ። ከሁሉም በላይ ገበያው ተለውጧል። የቶኪዮ አክሲዮን ከ1990 መግቢያ ጀምሮ ተንዷል፤ የእንግሊዝ ባንክ ወለድ ከጥቅምት 1989 አንሥቶ ለአንድ ዓመት 15 በመቶ ላይ ቆይቷል። መኪናውን አትርፈው ሊሸጡ ያሰቡት ገዢ አጡ። ከውሉ ለመውጣት የሞከሩም ስለነበሩ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በመጨረሻ የተሠሩት 280 ያህል ቢሆኑም እነሱን ጨርሶ ለመሸጥ ዓመታት ፈጀ።

ያልተሸጠው መኪና

ማክላረን ኤፍ 1 የወጣው ገበያው በቀዘቀዘበት በዚያው በ1992 ነው። ዋጋው 540,000 ፓውንድ ገደማ ነበር። 300 ያህል ለመሥራት ታስቦ ገዢ ስላልተገኘ በ1998 ምርቱ ሲቆም፣ ለሙከራና ለውድድር የተሠሩት ተቆጥረው እንኳ 106 ብቻ ሆኑ። ሆኖም መኪናው በ1995 የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ፤ በ1998 በሰዓት 386 ኪሎ ሜትር በመሮጥ የፍጥነት ክብረ ወሰን ያዘ። በ2021 በካሊፎርኒያ፣ ፔብል ቢች በተካሄደ ሐራጅ፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በታች የተነዳ አንድ የ1995 ሥሪት የገዢ ኮሚሽንን ጨምሮ 20,465,000 ዶላር አውጥቷል። በመነሻው ዋጋ ሲሰላ ይህ በዓመት 13 በመቶ ገደማ እድገት ነው።

ንጽጽሩ ምን ይላል?

ዋጋን የሚወስነው ቁጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ ጃጓሩ ከፌራሪው በብዙ እጥፍ መወደድ ነበረበት፤ ብዛቱ የፌራሪውን አንድ አምስተኛ ያህል ነውና። የሐራጁ ውጤት ግን ተቃራኒ ነው። በቅርብ ዓመታት ጥሩ ይዞታ ያለው ኤፍ 40 ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲያወጣ ኤክስጄ 220 በግማሽ ሚሊዮን ዶላር ዙሪያ ይሸጣል። ፌራሪው በመሥራቹ ዕድሜ የወጣ የመጨረሻ ሞዴል ነው፤ ማክላረኑ የድል ታሪክ አለው። ጃጓሩ ለረጅም ጊዜ የሚታወሰው ቃል የተገባለትና ያልተፈጸመለት ሆኖ ነበር። ማነስ ዋጋ የሚኖረው ፈላጊው ከቁጥሩ ሲበልጥ ነው።

የጃጓሩን ባለቤት ኪሳራ ደግሞ ባንክ ያሳየዋል። 290,000 ፓውንድ በዓመት 5 በመቶ ብቻ ቢወለድ በ30 ዓመት 1,250,000 ፓውንድ ይሞላል። መኪናው ዛሬ የሚያወጣው የዚህን ሲሦ ያህል ነው። መኪና ወለድም ሆነ ኪራይ አያስገባም፤ ኢንሹራንስ፣ ጋራዥና ጥገና ግን ይጠይቃል። ለምሳሌ የኤፍ 40 የነዳጅ ከረጢቶች በየአሥር ዓመቱ ገደማ መቀየር አለባቸው። ካልተነዳ ጎማውና ማሸጊያው ይደርቃል፤ ከተነዳ ደግሞ በኪሎ ሜትሩ ልክ ዋጋው ይቀንሳል።

ስለዚህ ገዢ ቀብድ ከማስያዙ በፊት ሦስት ነገሮችን መመርመር ይኖርበታል። ቁጥሩ በውል ታስሯል ወይ? ትርፍ ፈላጊው ሁሉ ቢሸሽ ለራሱ ብሎ የሚገዛው ሰው አለ ወይ? ገበያው ለአሥር ዓመት ቢተኛ ገንዘቡ ሳይበደር መቆየት ይችላል ወይ? በ1990 የከሰሩት መጥፎ መኪና የገዙ ብቻ አልነበሩም፤ ጥሩ መኪና በብድርና በችኮላ የገዙም ነበሩ። ኤፍ 40ን በዚያ ውድ ጊዜ ገዝቶ በ1990ዎቹ አጋማሽ ለመሸጥ የተገደደ ሰው፣ መኪናው ዛሬ ሚሊዮኖች ማውጣቱ የሚጠቅመው ነገር የለም።