ቴታ ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር

አሮጊት የምትጠብቂ እህቴ፣ ይህ ትምህርት ላንቺ ነው። እኔም ቤሩት ውስጥ ዓመታት ያሳለፍኩት ቴታ በመጠበቅ ነበር። በዕድሜ የሳሳ አጥንት ለመሰበር ከፎቅ መውደቅ አያስፈልገውም፤ ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ ምንጣፍ ቢያደናቅፋቸው ይበቃል። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው የጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ፣ ከዳሌ ጋር የሚገጥምበት አካባቢ ነው።

ቴታ ወድቀው መቆም ካቃታቸው፣ ብሽሽታቸውን ካመማቸው፣ አንዱ እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ፣ ተሰብሯል ብለሽ ያዢው። ብቻሽን ጎትተሽ አልጋ ላይ አታውጪያቸው። አገር ቤት እንደለመድነው ቅቤ ቀብተሽ አትሺው፤ ይህ የወጌሻ ሥራ አይደለም። ባሉበት ብርድ ልብስ አልብሰሽ ማዳምን ጥሪ፤ ሊባኖስ ውስጥ የሰሊብ አህመር አምቡላንስ ቁጥር 140 ነው። ኦፕራሲዮን ሊኖር ስለሚችል ምግብና ውሃ አትስጪ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪ።

እኔ በሠራሁበት ቤት የመጀመሪያው ጥያቄ «አንቺ የት ነበርሽ?» የሚል ነበር። አንቺንም ሊጠይቁሽ ይችላሉ። የወደቁበትን ሰዓትና ቦታ፣ የደወልሽበትንም ሰዓት ወዲያው ስልክሽ ላይ ጻፊ፤ ለምታምኛት ጓደኛም ላኪ። ያየሽውን ብቻ ተናገሪ።

«እንደ እጅ ስብራት በጄሶ አይታሰርም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ዳሌን ጄሶ አይዘውም፤ ሐኪሞች በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ኦፕራሲዮን ለማድረግ ይሞክራሉ። ስብራቱ የአጥንቱ አንገት ላይ ከሆነ ወደ አጥንቱ ራስ ደም የሚያደርሱ ሥሮች ሊበጠሱ ይችላሉ። አጥንቱ ከቦታው ካልተንሸራተተ በብሎን ያያይዙታል፤ ከተንሸራተተ ግን ለአረጋውያን አብዛኛውን ጊዜ ራሱን አውጥተው በብረት ይተኩታል። ስብራቱ ከአንገቱ ዝቅ ካለ አጥንቱ ውስጥ ዘንግ ይከታሉ፣ ወይም በጎኑ ጠፍጣፋ ብረት አድርገው በትልቅ ብሎን ያጠብቁታል። ነርሷን «ታሰረ ወይስ ተተካ?» ብለሽ ጠይቂ። የተተካ ዳሌ በጣም ሲታጠፍ ወይም እግር ሲነባበር ሊወልቅ ስለሚችል አቀማመጡን ታሳይሽ።

ቤተሰቡ «ይተኙ፣ ይረፉ» ይላል። ብረቱ የገባው ግን እንዲቆሙ ነው! ሐኪሙ ካልከለከለ በማግስቱ ይነሣሉ። መተኛት የሳንባ ምች፣ የደም መርጋትና የጀርባ ቁስል ያመጣል። የሕመም ማስታገሻውን ቀደም ብለሽ ስጪ፤ ከዚያ በአራት እግር መደገፊያው አስቁሚያቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ይህን ማዳምን ጠይቂ። አንገትሽ ላይ እንዲንጠለጠሉ አትፍቀጂ፣ ያንቺም ወገብ አጥንት ነው። አጥንቱ እስኪገጥም ወራት ይወስዳል፤ እስከዚያ ከፍ ያለ ወንበር አዘጋጂ፣ ትንንሽ ምንጣፎችን አንሺ፣ ሌሊት መብራት ተዪ።

ከኦፕራሲዮን በኋላ ቴታ ስምሽን ረስተው ወይም ሌባ ብለው ቢጮኹብሽ ግራ አትጋቢ፤ በአረጋውያን ላይ የሚታይ የአእምሮ መምታታት ነውና ለሐኪሙ ይነገር። ባታቸው ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ቁስሉ ፈሳሽ ካመጣ፣ ወይም እግሩ ድንገት አጥሮ በኃይል ካመማቸው፣ ማዳም ከሥራ እስክትመለስ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ደውዪ።