የቆየ የእጅ ሬዲዮን ወደ ዲጂታል ማሸጋገር

የሞቶሮላው ጂፒ340 ጠንካራ ዕቃ ነው። ከጥበቃ ሠራተኛ ወገብ ላይ ስንት ጊዜ ወድቆ፣ ዝናብ መትቶት ደርቆ አሁንም ይሠራል። ያረጀው በዙሪያው ያለው ነገር ነው። ፕሮግራም የሚደረግበት ሶፍትዌር የድሮ ዊንዶውስ ይፈልጋል፤ ኬብሉ ዛሬ ላፕቶፕ ላይ የማይገኝ ሲሪያል መሰኪያ ይጠይቃል፤ ፕሮግራም ያደረገው ባለሙያም አብዛኛውን ጊዜ ከድርጅቱ ከለቀቀ ቆይቷል። «ወደ ዲጂታል እንቀይረው» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ያኔ ነው።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት አንድ ነገር ይታወቅ። ጂፒ340 አናሎግ ሬዲዮ ነው፤ ምንም ዓይነት ሶፍትዌር ቢጫንበት ዲጂታል አይሆንም። ዲጂታል ሬዲዮ ድምፅን ወደ ቁጥር የሚቀይርና መልሶ የሚፈታ ክፍል በውስጡ ያስፈልገዋል፤ ጂፒ340 ይህ የለውም። «በፕሮግራም እናስተካክለዋለን» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ገንዘብዎን ይዘው ይውጡ። በአንጻሩ የሞቶሮላዎቹ ዲፒ3400ና ዲፒ4400 ሲሠሩ ጀምረው አናሎግም ዲጂታልም ይችላሉ። እነዚህን ገዝቶ በአናሎግ ቻናል ብቻ ለዓመታት የሚጠቀም ድርጅት ጥቂት አይደለም። ስለዚህ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት መጋዘንዎን ይዩ።

1. ባትሪውን አውጥተው ከኋላ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። የሞዴል ቁጥሩና ሲሪያል ቁጥሩ እዚያ ነው። በጂፒ340 ሞዴል ቁጥር ላይ በስድስተኛው ቦታ ያለው ፊደል ኬ ከሆነ ሬዲዮው ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ ይሠራል፤ አር ከሆነ ከ403 እስከ 470። አዲስ የሚገዛው ሬዲዮ ከዚሁ ባንድ ካልሆነ ከነባሩ ጋር በፍጹም አይነጋገርም። የእያንዳንዱን ሞዴል፣ ሲሪያል ቁጥርና በማን እጅ እንዳለ በአንድ ሰንጠረዥ ይመዝግቡ።

2. የፈቃድ ወረቀቱን ያውጡ። ኢትዮጵያ ውስጥ ፍሪኩዌንሲ የሚፈቅደው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ፍሪኩዌንሲው ባይቀየርም ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ሲሄዱ የስርጭቱ ዓይነትና የቻናሉ ስፋት ሊቀየር ይችላል። ወረቀቱ ላይ ከሰፈረው ጋር ካልተስማማ አስቀድመው ያስተካክሉ።

3. ያለውን አንብበው ያስቀምጡ። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው ኋላ ይጸጸታል። በሬዲዮው ውስጥ ያለው የቻናልና የቅንብር ፋይል ኮድፕለግ ይባላል። በሲፒኤስ፣ ማለትም በፕሮግራም ማድረጊያው ሶፍትዌር፣ መጀመሪያ ያንብቡት፤ በሲሪያል ቁጥሩ ሰይመው ያስቀምጡት፤ እስከዚያ ድረስ «ጻፍ» የሚለውን አዝራር አይንኩ።

ለጂፒ340 ዩኤስቢን ወደ ሲሪያል የሚቀይር ኬብል ያስፈልጋል፤ ሰዉ የሚንገላታው እዚህ ላይ ነው። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ ኬብል ብዙ ጊዜ የፕሮሊፊክን ቺፕ አስመስሎ የተሠራ ነው፤ የኩባንያው አዲስ ድራይቨር ደግሞ አስመስሎውን ለይቶ ይከለክለዋል። ዲቫይስ ማኔጀርን ሲከፍቱ በኬብሉ ስም ላይ ቢጫ ሦስት ማዕዘንና «ኮድ 10» ካዩ ሬዲዮው ላይ ጊዜ አያባክኑ፤ ችግሩ ኬብሉ ነው። ኤፍቲዲአይ ቺፕ ያለው ኬብል ይግዙ። የፖርቱን ቁጥርም ከኮም 1 እስከ 4 ባለው ውስጥ ያድርጉት፤ የድሮ ሶፍትዌር ከዚያ በላይ ያለውን ላያየው ይችላል።

የዲፒ ተከታታዮች በተራ ዩኤስቢ ይሠራሉ። የሚገርመው፣ ኮምፒውተሩ ሬዲዮውን የሚያየው እንደ ኔትወርክ ካርድ ነው፤ የሬዲዮው አድራሻ 192.168.10.1 ነው። የቢሮዎ ዋይፋይ በዚያው የአድራሻ ክልል ውስጥ ከሆነ ወይም ቪፒኤን ከተከፈተ ሶፍትዌሩ «ሬዲዮ አልተገኘም» ይላል። ዋይፋዩንና ቪፒኤኑን አጥፍተው እንደገና ይሞክሩ።

4. ለዲፒዎቹ ሲፒኤሱን፣ ከዚያ ፈርምዌራቸውን ያሳድጉ። ፈርምዌር በሬዲዮው ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም ነው። አንዴ ወደ አዲሱ ካደገ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ የድሮው ሲፒኤስም ከዚያ ወዲያ ላይከፍተው ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ሬዲዮ ይጀምሩ፤ ሁለት ሦስት ቀን በሥራ ላይ ይዋል፤ ከዚያ ወደ ሌሎቹ ይሂዱ። ባትሪው ሙሉ ይሁን። መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት በዴስክቶፕ አይሞክሩት፤ ፈርምዌር እየተጫነ ኃይል ቢቋረጥ ሬዲዮው ላይነሣ ይችላል።

5. ዲጂታል ቻናሎቹን ይሥሩ። መለኪያው ዲኤምአር የተባለው የአውሮፓ ደረጃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ወጣ። በ12.5 ኪሎኸርዝ ቻናል ላይ ጊዜውን ሠላሳ ሠላሳ ሚሊሰከንድ እየከፈለ በሁለት ተራ ያስተላልፋል። በሪፒተር የሚሠሩ ከሆነ በአንድ ጥንድ ፍሪኩዌንሲ ሁለት ቡድኖች ሳይረባበሹ ይነጋገራሉ፤ ጥበቃው በተራ 1፣ ጥገናው በተራ 2። የሬዲዮው ማስተላለፊያ የሚሠራው ግማሹን ጊዜ ብቻ ስለሆነ ባትሪም ይቆጥባል። ካርቶን ላይ «ዲጂታል» ተብሎ መጻፉ ግን አይበቃም። ኤንኤክስዲኤን፣ ፒ25ና ቴትራም ዲጂታል ናቸው፤ ከዲኤምአር ጋር ግን አይግባቡም።

በእያንዳንዱ ቻናል ላይ የሚሞሉት ፍሪኩዌንሲ፣ ከለር ኮድ (ከ0 እስከ 15)፣ የጊዜ ተራ፣ የቡድን ቁጥርና የሬዲዮው የራሱ መታወቂያ ናቸው። ስህተቱ ከምልክቱ ይታወቃል። ሬዲዮው ላይ የመቀበያ መብራት እየበራ ድምፅ ከሌለ ከለር ኮዱን ወይም ተራውን ይዩ፤ እነዚህ ትክክል ሆነው አሁንም ዝም ካለ የቡድን ቁጥሩ በመቀበያ ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም ማለት ነው። አንዱን ኮድፕለግ ለሁሉም መገልበጥ ሥራ ያቀላል፤ መታወቂያው አብሮ ከተገለበጠ ግን አሥር ሬዲዮ አንድ ስም ይዞ ይወጣል፤ ማን እንደጠራም አይታወቅም። መታወቂያውን ከሠራተኛው ስም ይልቅ ሬዲዮው ላይ ከለጠፉት ቁጥር ጋር ቢያስተሳስሩት ይሻላል፤ ሠራተኛ ይቀየራል።

6. በአንድ ሌሊት አይቀይሩ። በአዲሶቹ ሬዲዮዎች ላይ ሁለት ዞን ይሥሩ፦ አንዱ የድሮውን አናሎግ ቻናል ይያዝ፣ ሌላው ዲጂታሉን። በአናሎጉ ዞን ውስጥ የድሮዎቹ በ25 ኪሎኸርዝ ከሆኑ አዲሶቹም 25 ይሁኑ፤ ካልተመሳሰለ ድምፁ ወይ ያንሳል ወይ ይቀደዳል። ዲጂታሉም በተመሳሳይ ፍሪኩዌንሲ ከሆነ ጂፒ340ዎቹ ላይ የቶን መለያ ይግባ፤ አለዚያ ዲጂታል ንግግር በተነሣ ቁጥር እንደ መሰርሰሪያ ያለ ጩኸት ይለቃሉ።

ሙከራውን ምድር ቤት፣ ሊፍት ውስጥና በአጥሩ ጫፍ ያድርጉት። አናሎግ ሲርቅ እየሻከረ ስለሚሄድ ሰው ያስተውለዋል። ዲጂታል እስከ ጫፉ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ከዚያ ድንገት ይቆረጣል። የት እንደሚቆረጥ አስቀድሞ ማወቅ ያለባቸው ጥበቃዎቹ ናቸው፤ አብረዋቸው ይዙሩ። ሌላ ማስለመድ ያለብዎት ነገር ቢኖር ቁልፉን ተጭኖ ፈቃድ የሚሰጠውን አጭር ድምፅ መጠበቅ ነው። እሱን ሳይሰሙ የሚናገሩ ሰዎች የመጀመሪያዋ ቃል ትበላባቸዋለች፤ «በር ሦስት» ያሉት «ሦስት» ብቻ ሆኖ ይደርሳል።

የመጨረሻው ጂፒ340 ከሥራ እስኪወጣ ድረስ የድሮው ሶፍትዌር ያለበትን ላፕቶፕ አያስወግዱ፤ ዊንዶውሱንም አያሳድጉት። ያስቀመጧቸውን ኮድፕለጎች ግን በፍላሽም በሌላ ኮምፒውተርም ላይ ይገልብጡ።